ካሜራ ተሸክሞ ከእንጦጦ መውረድ

አንባቢ ሆይ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ ካሜራህን በአንገትህ አንጠልጥለህ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የምትወጣ ከሆንህ፥ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። ካሜራ ባይኖርህም አንብበው። ካሜራ የሌለው ሰው አንድ ቀን መዋሱ አይቀርም፤ የእኔም ታሪክ የሚጀምረው ከመዋስ ነው።

መውጣቱ አያስቸግርም። ሽቅብ የሚሔድ ሰው ይደክመዋል እንጂ ብዙ ጊዜ አይወድቅም፤ ቢወድቅም በጕልበቱ ተንበርክኮ ይነሣል። ጣጣው ሲወርዱ ነው። አፈሩ ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። በላዩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጥፎበታል፤ ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ጠጠር የመሰለው የባሕር ዛፍ ፍሬ ተደብቋል። አንተ ቅጠል የረገጥህ ሲመስልህ የረገጥኸው ፍሬ ነው፤ ፍሬውም ይንከባለላል፤ አንተም ትከተለዋለህ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም መጀመሪያ ነው። በሰፈራችን በጉለሌ ሠርግና ክርስትና እያነሣ የሚተዳደር አንድ ወዳጅ አለኝ። አደይ አበባ ወጥቶ ሳየው ልቤ ተነሣሣና ካሜራውን ለአንድ ቀን እንዲያውሰኝ ለመንሁት። ጥቂት ዝም አለና አውጥቶ ሰጠኝ፤ «አደራ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም። ይህን ቃል አንተም ታውቀዋለህ። ኪሎ የለውም፤ ነገር ግን ካሜራውን ከነሌንሱ ብትመዝነው የዚህን ቃል ያህል አይከብድም።

ከላይ ስደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ በደፉበት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ቆሜ፥ ከእግሬ በታች የተዘረጋችውን ከተማ ደጋግሜ አነሣሁ። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ በዚያ ያለው አየር ቀጭንና ንጹሕ ነው፤ ዝናብ ካጠበው በኋላ ሩቁ ሁሉ ቅርብ ይመስላል። በውነቱ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ደመናው ከጀርባዬ መጣ፤ ነጐድጓዱም ተሰማ። እኔም በመኪናው መንገድ መውረድ ሲገባኝ፥ ያሳጥርልኛል ብዬ በዛፎቹ መካከል ባለችው ቀጭን የእግር መንገድ ገባሁ። ዝናቡም ያዘኝ።

ከፊቴ አንዲት እናት የጭራሮ ሸክም አዝለው ቀስ ብለው ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ከእርሳቸው ይበልጥ ስለ ነበረ ከኋላ ሲታይ እንጨቱ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሔድ ይመስላል። እኔ ቸኩዬ አለፍኋቸው። አሥር እርምጃ ያህል እንደ ሔድሁ እግሬ ከዳኝ። ካሜራው እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ወደ ፊት ተወርውሮ አንገቴን ጎተተኝ። ዛፍ ልይዝበት የሚገባኝ ቀኝ እጄ ካሜራውን ሊይዝ ሔደ፤ ዛፉንም ካሜራውንም አላገኘም። በጎኔ ወደቅሁ፤ ማንገቻው ተበጠሰ፤ ካሜራውም ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ጎርፍ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ገባ።

እኒያ እናት ሸክማቸውን ከቁልቁለቱ ዳር አስደግፈው ፈጥነው መጡ።

«እኔን! ተጎዳህ ወይ ልጄ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ እማማ፤ ዕቃው ነው እንጂ።»

«ዕቃማ ዕቃ ነው» አሉና እጄን ይዘው አስነሡኝ። ከዚያም የተበጠሰውን ማንገቻ አይተው ሣቅ አሉ። «ይኸን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ነው የምትሮጥ? እኛ ከገላችን የሚከብደውን ተሸክመን በየቀኑ እንወርዳለን። ግን አይወዛወዝም። ሰውን የሚጥለው የሚወዛወዝ ሸክም ነው።»

ተመልሰው ሸክማቸውን ሲያነሡ በደንብ አየኋቸው። እንጨቱ ከወገባቸው በላይ አግድም ተኝቷል፤ ገመዱ በትከሻና በደረት ዙሮ ከገላቸው ጋር አጣብቆታል፤ ሰውነታቸው ጥቂት ጎንበስ ብሏል፤ እርምጃቸውም አጭር ነው። በሁለት እጃቸው የያዙት አንዳች ነገር የለም። የተማርሁትን ትምህርት ሁሉ ባሰላው፥ በዚያች ቅጽበት ያየሁትን ያህል የጠቀመኝ ጥቂት ነው።

ከሁሉ የባሰውን ስሕተት የሠራሁት ግን ከወደቅሁ በኋላ ነው። «ይሠራ እንደ ሆነ ልየው» ብዬ ውሃ የጠጣውን ካሜራ ቁልፉን ጫንሁት። አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ጠፋ። ጠጋኙ ኋላ እንደ ነገረኝ፥ ሌንሱ ቢሰነጠቅም ዋናው ካሜራ ምናልባት ይድን ነበር፤ የገደለው በርጥበቱ ላይ ያሳለፍሁበት ኤሌክትሪክ ነው። እንግዲህ ካሜራህ ውሃ የነካው እንደ ሆነ ቁልፉን አትንካ፤ ባትሪውን አውጣ፥ ካርዱን አውጣ፥ ክዳኖቹን ከፍተህ አየር በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ ለቀናት ተወው። ሩዝ ውስጥ ቅበረው የሚሉህንም አትስማ፤ እኔ ቀብሬው ያተረፍሁት የሩዝ ዱቄት ነው።

ማታ ከወዳጄ ቤት ስደርስ ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ነበር። እርሱ አስቀድሞ ያየው ያበጠውን የእጄን አንጓ ነው። «ወጌሻ አየህ?» አለኝ። ቢቈጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥሎም በዝግታ «ካርዱስ?» ብሎ ጠየቀ። ለካ ባለፈው እሑድ ያነሣው የአንድ ቤተ ሰብ የክርስትና ፎቶግራፍ ገና ሳይገለበጥ በካርዱ ውስጥ ነበረ! ሕፃን ሁለት ጊዜ ክርስትና አይነሣም። ካርዱን አድርቀን በማግሥቱ በኮምፒውተር እስክንከፍተው ድረስ ሁለታችንም እንቅልፍ አልወሰደንም። እግዚአብሔር ይመስገን ሥዕሉ ሁሉ ተገኘ። የካሜራውን ዋጋ ግን ከወር ደመወዜ እየቆረጥሁ ለስምንት ወር ከፈልሁ፤ በጥር ሠርግም ወዳጄ በኪራይ ካሜራ ሠራ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መመርመር የጀመርሁት። መቼም ቁልቁለትን ከነካሜራው በመውረድ ከበረዶ አገር ሰዎች የሚበልጥ የለም። በአንዲት ሳንቃ ላይ ሁለት እግራቸውን አስረው፥ ካሜራ በጀርባቸው አዝለው ከተራራ ራስ ይንሸራተታሉ። ይህ ስፖርት ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነው እንዳትል፤ በአዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ላይ ሸርተቴ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል፤ በዚያ ውድድር ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው እርሱ ነው። (የእነርሱ ክረምት በረዶ ነው፤ የእኛ ጭቃ ነው። መውደቁ ግን አንድ ነው።)

እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉትን ባየሁ ጊዜ የእኒያን እናት ገመድ አስታወሰኝ። ካሜራ በአንገት አያንጠለጥሉም። በጀርባ ቦርሳ ያደርጉታል፤ ቦርሳውም በደረትና በወገብ በሚታሠር ቀበቶ ከገላ ጋር ይጣበቃል። ከባዱ ሌንስ ከጀርባ አጠገብ ይሆናል እንጂ ወደ ውጭ አይርቅም፤ የራቀ ክብደት ሚዛንን ይነሣልና። ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ በአከርካሪ ትይዩ ማሠርን አጥብቀው ይፈራሉ፤ በጀርባ የወደቀ ሰው ብረት በአከርካሪው ላይ መውደቁ ነውና፥ በጎን ያሥሩታል። አንተም የተሠራ የካሜራ ቦርሳ ለመግዛት ደመወዝህ ባይፈቅድ አትዘን። የተማሪ ቦርሳህን ውስጡን በስፖንጅ ከፋፍለው፤ ሌንሱን ለብቻው በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው፤ የጎደለውን የደረት ቀበቶ ሰፊ ይሰፋልሃል። ፎቶ ስታነሣ ቆመህ አንሣ፤ ስትሔድ መልሰህ ክተተው። ማውጣትና መክተት ይሰለቻል፤ ስምንት ወር ዕዳ መክፈል ግን ከዚህ የበለጠ ይሰለቻል።

ካርድህንም አስብ። ሁለት ካርድ ይኑርህ፤ ያነሣህበትን አውጥተህ በደረት ኪስህ ቈልፍበት። እ.ኤ.አ. በ1915 «ኢንዱራንስ» የተባለችው መርከብ በደቡብ ዋልታ በረዶ ተደቍሳ ስትሰምጥ፥ ፎቶ አንሺው ፍራንክ ኸርሊ በረዶ በሆነ ውሃ ውስጥ ገብቶ ያወጣው ካሜራውን ሳይሆን ሥዕሉ የተቀረጸበትን መስተዋት ነው። ሁሉን መሸከም ስላልተቻለ 120 ያህሉን መርጦ አስቀረና ወደ 400 የሚሆነውን፥ ኋላ ልብ እንዳያሳሳ ብሎ በገዛ እጁ ሰባበረው። ትልልቆቹን ካሜራዎች ትቶ አንዲት የኪስ ኮዳክና ሦስት ጥቅል ፊልም ብቻ ያዘ። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ወደ ተራራ ሦስት ሌንስ ይዤ አልወጣም።

ስለ ብርድም አንድ ነገር ልጨምር። ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ ስለዚህ ትርፍ ባትሪህን ከሸሚዝህ ኪስ አድርግ። ኤድመንድ ሂላሪም እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ሲወጣ ካሜራውን እንዲሞቀው ከልብሱ ሥር ይዞት ነበር። በተራራ የቀዘቀዘውን ካሜራ ደግሞ ቡና በሚፈላበት ሙቅ ክፍል ወዲያው ብታወጣው፥ በመስተዋቱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ጤዛውም ውስጥ ከገባ ሌንሱ ሻጋታ ያበቅላል። ከመግባትህ በፊት በፌስታል አድርገህ አጥብቀህ ቋጥረው፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ አንድ ሰዓት ያህል ሳትከፍተው ቈይ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን ርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢትም አትጣላት፤ ከቦርሳህ ጣላት።

ባለፈው እሑድ ከዚሁ ወዳጄ ጋር እንደ ገና ወጣን። አዲሱን ካሜራውን የተሸከምሁት እኔ ነበርሁ፤ እርሱ ራሱ «አንተ ያዘው» አለኝ። ስንወርድ እንደ ልማዱ ዝናብ መጣ። ዱላ በእጄ፥ ቦርሳው በጀርባዬ ተጣብቆ፥ በመኪናው መንገድ ቀስ ብለን ወረድን። ሽሮ ሜዳ ከአንዲት ሻይ ቤት ገብተን እንደ ተቀመጥን፥ ያነሣውን ለማየት ቸኩሎ እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ።

«ገና ነው፤ አንድ ሰዓት አልሞላውም» አልሁት።

«የማን ካሜራ ነው?» አለኝ።

እኔም ቦርሳውን ወደ ጉያዬ ሳብ አድርጌ ሁለተኛ ሻይ አዘዝሁለት።