ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት

ከባለቤቴ ጋር ለባለትዳሮች ትምህርት ብዙ ከተሞችን ረግጠናል። ከሚሴ ላይ ግን ተማሪዎቹ እኛው ነበርን፤ ያስተማሩንም አንድ አረጋዊ ሹፌርና አንድ አሮጌ ተሳቢ ናቸው።

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ላይ አገልግሎት ስለነበረው በመኪናችን ስንነሳ ታናሽ ወንድሜና ሚስቱ አብረውን መጡ። ወንድሜ ለዐሥራ ሁለት ዓመት የሰው አይሱዙ ሲነዳ ኖሮ፣ ከአባታችን በደረሰው ውርስ አሮጌ ጎታች መኪና ገዝቷል። የቀረው ተሳቢው ነው። ተሳቢ ስል ሴሚ ትሬለር የሚባለውን፣ ከፊት ጎማ የሌለውንና ከፊል ክብደቱን በጎታቹ ጀርባ ላይ የሚያሳርፈውን ነው። እንዲህ ያለ ተሳቢ ከሚሴ ላይ እንደሚሸጥ ሰምቷል። የሚገዛበት ገንዘብ ባልና ሚስቱ ለቤት መሥሪያ ብለው በዕቁብ ያጠራቀሙት ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የዕቁቡ ግማሽ ከእርሷ መርፌ የወጣ ነው።

ቁልቁለቱ

ከደብረ ብርሃን አልፈን ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ጣልያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰንጥቆ የሠራውን ዋሻ እንደወጣን ቁልቁለቱ ይጀምራል። መንገዱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነስቶ፣ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ይወርዳል። በግማሽ ቀን ውስጥ ካፖርት አውልቀን መስኮት ከፈትን።

ከፊታችን ባለ ተሳቢ መኪኖች በከባድ ማርሽ ዝግ ብለው ይወርዳሉ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ እስከ እኛ ይደርሳል። ወንድሜ፣ ‹‹እዚህ ላይ የተሳቢው ፍሬን ከሰነፈ ሸክሙን ሁሉ የጎታቹ ፍሬን ይሸከማል። ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ጎታቹን ይጠመዝዘዋል›› አለን። ሚስቱ ምንም አልተናገረችም። ወደ ገደሉ ብቻ ትመለከት ነበር።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን አለፍን። በ2013 ዓ.ም. በተነሳው ግጭት አጣዬ ብዙ ቤቶቿ ተቃጥለውባታል፤ በ2014 መጀመሪያም የሰሜኑ ጦርነት እስከዚህ ወርዶ ነበር። በመንገዱ ዳር አዲስ ቆርቆሮ ከጠቆረ ግድግዳ ጎን ሲያበራ አየን። በየቤቱ ስንት ባልና ሚስት ‹‹እንደገና ከየት እንጀምር?›› ሲባባሉ አምሽተው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ኦሮምኛውም አማርኛውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀል ትሰማላችሁ። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። ከከተማዋ አጠገብ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል። በበጋ ሌላው ቆላ ሲደርቅ ጨፋ ለምለም ስለሚሆን አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው ይወርዳሉ።

ሐጂ

ከዓመታት በፊት መኪናችን እዚያው ሲበላሽብን የረዱን አንድ አረጋዊ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሐጂ እንበላቸው። በወጣትነታቸው ፊያት ኤን ትሬ ይዘው ከአሰብ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል አዲስ አበባ ጭነት ያመላልሱ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ እርሳቸውም መሪውን አስረክበው በልጃቸው ጋራዥ ተቀመጡ።

‹‹አካም ጅርቱ! እንዴት ከረማችሁ!›› ብለው ተቀበሉን። ቡናውን ‹‹ጀባ›› ብለው ካጠጡን በኋላ የመጣንበትን ነገርናቸው። ወንድሜን አዩትና፣ ‹‹ልጄ፣ የጎታችህ ሳህን ስንት ቁጥር ፒን ነው የሚይዘው?›› አሉት። ወንድሜ አላወቀም።

‹‹ግመል ገዝተህ ታውቃለህ?››

‹‹ኧረ የለም ሐጂ።››

‹‹እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ሄደህ እይ። ዐዋቂ ሰው ጭነት ያለበትን ግመል አይገዛም። አውርዱልኝ ይላል። ቁስሉ ያለው ከጭነቱ ሥር ነው። የብረትም ቁስሉ ከቀለሙ ሥር ነው።››

ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው አብረውን ሄዱ። ተሳቢው ከከተማው ዳር ቆሟል፤ ሰማያዊ ቀለሙ ገና ትኩስ ስለሆነ ያብለጨልጫል። ወንድሜ በዓይኑ ወደደው። ሐጂ ግን ቀለሙን ሳያዩ ከሥሩ ጎንበስ አሉ። ያሳዩንን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሁሉ ይጠቅማል።

1. መጋጠሚያው። ተሳቢውን ከጎታቹ ጋር የሚያይዘው ወደ ታች የወጣ አንድ ወፍራም ፒን ነው። ፒኑ የሚገባበትን የጎታቹን ክብ ሳህን ፈረንጆች ‹‹አምስተኛው ጎማ›› ይሉታል፤ ስሙ ከፈረስ ጋሪ ዘመን የቀረ ነው፤ ያኔ ከጋሪው አራት ጎማዎች በላይ ተጋድሞ የፊቱን አክስል የሚያዞር ክብ ብረት ነበር። ፒን በ50 እና በ90 ሚሊ ሜትር ይሠራል። ሳህኑና ፒኑ ካልተስማሙ ጥሩ ጎታችና ጥሩ ተሳቢ ይዛችሁም አትንቀሳቀሱም። የተበላ ፒን ደግሞ በጉዞ ላይ ይንገጫገጫል።

2. አንገቱ። ሁለቱ ረጃጅም የሻንሲ ብረቶች ከፊት በኩል የሚቀጥኑበት ቦታ ብዙ ጭንቀት ይሸከማል። ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። ብየዳው ሳይቋረጥ እኩል መሄድ አለበት። ሌላው አርጅቶ አንገቱ ላይ ብቻ አዲስ ብየዳና ወፍራም ቀለም ካያችሁ ጠይቁ።

3. ቀጥታነቱ። ከፒኑ እስከ ፊተኛው አክስል የቀኝና የግራ ጫፍ ያለው ርቀት እኩል ካልሆነ ተሳቢው ወደ ጎን እየጎተተ ይሄዳል፤ ጎማም ይበላል።

4. ፍሬኑ። አየር ሞልታችሁ ሞተሩን አጥፉና ጆሯችሁን ስጡ፤ የሚተነፍስ ነገር መኖር የለበትም። የአየር ቧንቧው ሲነቀል ተሳቢው በራሱ መያዝ አለበት። ሸራውንና ታምቡሩን ሳታዩ አትመኑ።

5. ባሌስትራው፣ ኩሽኔታውና ጎማው። የተሰበረ ቅጠል ፈልጉ። ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ካንገጫገጨ ወይም ከጮኸ ኩሽኔታው አልቋል። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2219 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ22ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ ብዙ ነው።

6. ወረቀቱ። የሻንሲው ቁጥርና ሊብሬው አንድ መሆናቸውን፣ ዕዳና ዕገዳ አለመኖሩን ከመክፈል በፊት አረጋግጡ።

ሲባጎው

ሐጂ ወደ ሦስተኛው ሲደርሱ ሜትር ፈለጉ፤ አልነበረም። የወንድሜ ሚስት ከቦርሳዋ ሲባጎ አወጣች። አንዱን ጫፍ ከፒኑ ላይ አስይዛን እስከ አክስሉ የቀኝ ጫፍ ወጠረችና ቋጠሮ አሰረች። ያንኑ ሲባጎ ወደ ግራ ብትወስደው ቋጠሮው ሦስት ጣት ያህል አለፈ። ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። ‹‹እንዲህ ያለ ቀሚስ ደንበኛ አይቀበለኝም›› አለች። ሐጂ ሳቁና በቢላዋ አንገቱ ላይ ያለውን ቀለም ፋቅ ሲያደርጉ ብየዳው አጠገብ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታየ።

ወንድሜ፣ ‹‹በቃ፣ ይቅርብን›› ሲል ሻጩ ቀበል አድርጎ፣ ‹‹ቀብዱስ?›› አለ።

ሁላችንም ዝም አልን። ወንድሜ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ተሳቢውን በስልክ ፎቶ ብቻ አይቶ፣ ለሚስቱ ሳይነግር ቀብድ ልኮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። ሻጩ ሊመልስ አልፈለገም። እርሷ ሲባጎዋን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ መኪናው ሄደች።

ያን ቀን ማታ ወደ ኮምቦልቻ መሄዳችንን ትተን ከሚሴ አደርን። ባለቤቴና እኔ ለማስታረቅ የተዘጋጀ ቃል ነበረን፤ ጌታ በሉቃስ 14 ግንብ ለመሥራት ስላሰበውና አስቀድሞ ወጪውን ስለሚያሰላው ሰው የተናገረውን ምሳሌ ልናነሳ ነበር። ወንድሜ ግን ቀደመን። ‹‹አንቺ አይሆንም እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው›› አላት። ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠችውም። በኋላ፣ ‹‹አይሆንም አልልህም ነበር። እንየው እልህ ነበር›› አለችው። ጥቂት ቆይታም፣ ‹‹ቀብዱ ይቅር። ሁለተኛ ግን እኔ ሳላውቅ የምትከፍለው ነገር አይኑር›› አለች። እኛም ያዘጋጀነውን ስብከት ትተን አብረናቸው ጸለይን።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤትን ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ይህ የሕጉ ትእዛዝ ነው። የሲባጎው ነገር ግን ከዚያም ያለፈ ነው። ሚስት ወይም ባል የሚጠየቁት ለፊርማ ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ያላየውን ስንጥቅ የሚያይ ሁለተኛ ዓይን ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ እያለ አልተጠቀምንበትም ማለት ነው።

በማግስቱ ስንወጣ በጨፋ ሜዳ ላይ ግመሎች ምንጣፍና የጎበጠ የቤት እንጨት ተሸክመው ሲያልፉ አየን። ቤተሰቡ ቤቱን ጭኖ መሄዱ ነው። አሜሪካ ውስጥም ‹‹አምስተኛ ጎማ›› የሚሉት፣ አልጋና ወጥ ቤት ያለው፣ በፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚገጠም የሚጎተት ቤት አለ፤ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ይዘውት ይዞራሉ። የቤቱ ዓይነት ይለያይ እንጂ መጋጠሚያው መታየት ያለበት ከመንገድ በፊት ነው።

ወንድሜና ሚስቱ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሌላ ተሳቢ አዳማ አጠገብ አገኙ። ቀለሙ የለቀቀ፣ ለዓይን የማይስብ ነበር። ሲባጎው ግን በሁለቱም በኩል እኩል ገጠመ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት የሰሜኑ መንገድ ብዙ ጊዜ ስለሚቋረጥ አብዛኛው ሥራቸው በጅቡቲ መስመር ነው። ያጡትን ቀብድ ለመተካት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ሐጂን ከዚያ በኋላ አላየናቸውም፤ በስልክ ግን እንጠይቃቸዋለን። ዘወትር ‹‹ያቺ ሲባጎ የያዘች ልጅ ደህና ናት?›› ይሉናል። ጌታ ያን መንገድ በሰላም ይክፈትልን፤ የእናንተንም ቤት ይባርክ።