ከሊማሊሞ አናት

ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንደርስ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ስካውት ይዘን ወደ ሳንቃበር አቀናን። ዓይኔ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ገደል ለገደል ሲቃብዝ ስካውቱ በእረኞቹ ኋላ የሚከተሉትን ውሾች አሳየኝ፦ «ጋሼ፣ ቀበሮው አይነካዎትም፤ እነዚህን ይጠንቀቁ።»

ቀበሮውም የሚጠፋው በእነሱው ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ቀርቷል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከውሻ እየተሻገረ ባሌ ውስጥ በተደጋጋሚ ፈጅቶታል።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ቅርጹ እንደ ጥይት ነው። በምራቅ ወደ ንክሻው ቁስል ይገባና ጡንቻና ነርቭ በሚገናኙበት ቦታ፣ በላዩ ባለው ፕሮቲን የነርቩን ሕዋስ ጨብጦ ይሰርጋል። ከዚያ በነርቩ ውስጥ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። ከአዲ አርቃይ ተነስቶ የሊማሊሞን ዳገት እንደሚወጣ ሽፍታ ነው፤ የሚያዘው ከታች፣ ኩርባው ላይ ነው። ሕመሙ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከንክሻ በኋላ የሚሰጠው ክትባት የራሳችንን መከላከያ እስኪቀሰቅስ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ለዚያ ክፍተት ነው ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው፣ ከሰው ወይም ከፈረስ ደም የሚዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል፣ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን የሚወጋው። የቫይረሱን ፕሮቲን ሸፍኖ ሕዋሱን እንዳይጨብጥ ያደርገዋል። ኤች አይ ቪን የሚያግደው ማራቪሮክ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ቫይረሱን ትቶ እኛው ሕዋስ ላይ ያለውን መግቢያ ይይዝበታል። በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ በአፍ ከሚወሰዱት የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች የመጀመሪያው ነበር። ለእብድ ውሻ በሽታ ግን እንዲህ ያለ ኪኒን የለም።

ያለው ሳሙና ነው። ቫይረሱ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል፤ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ። በአገራችን የተነከሰ ሰው ቀድሞ ጠበል ወይም የባህል ሐኪም ዘንድ መሄዱ የተለመደ ነው። ጠበሉን አልቃወምም፤ ግን በክትባቱ ላይ ይደረብ እንጂ ክትባቱን አያስቀር።

ለቀበሮውስ ማን ቁስል ያጥብለታል? ባሌ ውስጥ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትባቱን የፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው በየግዛቱ ያስቀምጡለታል።