ጨው ነው ብሎኝ ነበር

አምቡሊ የነበሩትን ትሎች የጨረስኳቸው እኔ ነኝ። እዚህ ጅቡቲ ያለው ሐበሻ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ ጓሮውን ይጠብቅ የነበረው የድሬ ልጅ ውሃ አብዝቶ አሰመጣቸው ይባላል። ያንን ያስወራሁትም እኔው ነኝ። ነገሩ የትሎቹ ሞት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር፤ ትል ይተካል። በእነሱ ሰበብ፣ ያለ ጥፋቱ፣ እንጀራውን ያጣ ልጅ ስላለ ነው የምናዘዘው።

ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው። ለአገር ቤት ገበሬ የሚሄደው ዩሪያና ኤንፒኤስ በመርከብ ብትን ሆኖ ይመጣል፣ ወደቡ ላይ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በከባድ መኪና በጋላፊ በኩል ሽቅብ ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ አቤቱታ ሲያሰማ፣ እኔ ያንኑ ከረጢት ሳይ ነበር የምውለው። በዚያው ሰሞን ፈቃድ ወስጄ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ጓሮው ያለውን የትል ሳጥን ገልጦ አሳየኝ። እበቱና ገለባው፣ የድንቹና የካሮቱ ልጣጭ፣ ሁሉም በትሎቹ ሆድ አልፎ ጥቁር ፍርፍር ሆኗል። አፍንጫዬን አስጠግቼ ባሸተው ከዝናብ በኋላ ያለ የአፈር ሽታ እንጂ የቆሻሻ ሽታ የለውም። ቨርሚ ኮምፖስት ይሉታል እነሱ። ለአንድ እፍኝ ያን ያህል መደሰቴ ለእኔም ገርሞኛል፤ በመርከብ ሙሉ ዩሪያ ተደስቼ አላውቅማ።

የአክስቴ ልጅ ጠንቃቃ ሰው ነው፣ አንድም አላስቀረብኝም። ይህ ቀይ ትል አፈር ሰርስሮ ጥልቅ የሚገባው ዓይነት አይደለም፤ ኑሮው እበትና የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው። ሳንባ ስለሌለው የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው፤ ቆዳው ከደረቀ ታፍኖ ይሞታል። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይመቸዋል፣ ከ35 በላይ ግን አይቆይም። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ጅቡቲ ከግንቦት በኋላ 40 ዲግሪ እንደምታልፍ ለማወቅ ደግሞ ደብተር አያስፈልገኝም፤ ዓመታት ተጠብሼባታለሁ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጌ አለማየቴን ዛሬም ለራሴ ማስረዳት ያቅተኛል።

ትሎቹን በባቡር ነው ያወረድኳቸው፣ ከነእበታቸው፣ በቡና ከረጢት ጠቅልዬ። ደወሌ ላይ ምን እንደያዝኩ ስጠየቅ «የአበባ አፈር» አልኩ። ሕይወት ያለው ነገር ድንበር ሲሻገር እንደሚመዘገብ እኔ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል፤ የምበላው በዚሁ ሙያ ነው። ይህንንም ኑዛዜው ውስጥ ጻፉልኝ።

ሐሳቡ ግን መጥፎ አልነበረም፣ አልክደውም። ጅቡቲ ከተማ የምትበላው ከእኛ አፈር ነው። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ በየቀኑ ከላይ ይወርዳል። ጫቱ እኩለ ቀን አልፎ ሲገባ የከተማዋ ትንፋሽ ይለወጣል፤ ማታ ላይ ገረባው በየደጁ ተቆልሎ ይገኛል። ከገበያው ትርፍራፊ ጋር ይጫንና ዱዳ ወዳለው ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ዝናብ የምታገኝ፣ አፈሯ አሸዋና ድንጋይ የሆነ ከተማ፣ የሐረርጌን ለምነት በየቀኑ አኝካ ትተፋለች። ይህን ማየት ያንገበግበኝ ነበር፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እትዬ (ስማቸው ይቅር) ምግብ ቤት አላቸው። አምቡሊ ጎመንና ቃሪያ የሚያበቅሉባት ትንሽ ጓሮም ተከራይተዋል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ይህችን ከተማ ሲቆረቁሩ የአምቡሊ ውሃ ትልቅ ነገር ነበር፤ የከተማዋ የጓሮ አትክልትም ከጥንት የሚበቅለው እዚያው ነው። ወንዝ ይባል እንጂ ጎርፍ ካልመጣ ደረቅ ነው፣ ውሃው ከጉድጓድ ነው የሚቀዳው። ከተማዋ ያንን የከርሰ ምድር ውሃ ለዘመናት ስትመጠምጠው ባሕሩ ከሥር እየተከተለ ገባበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሶማሌ ክልል ከሀደጋላ የተዘረጋው መስመር ለከተማው ጣፋጭ ውሃ ቢያመጣም እኛ ጓሮ አልደረሰም። ለእትዬ ስለ ትሉ ስነግራቸው መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ገንዘብ ያመጣል ስላቸው ግን በርሜል ገዙ፣ የጥላ መረብም አስዘረጉ። ባልንጀሮቻቸው ልጣጭ ማጠራቀም ጀመሩ። ከዓመት በኋላ ለአበባና ለአትክልት የሚሆን ማዳበሪያ በከረጢት እየሸጥን እንደምንካፈል ቃል ገባሁ። የማን አፍ ነበር እንዲህ የሚለፈልፈው? የእኔ።

የድሬውን ልጅ ያገኘሁት እዚያ ነው። ጓሮ ያጠጣል፣ ሌሊት ይጠብቃል፣ ወረቀት የለውም። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቅል ማንም ይረዳዋል። ትሎቹን ሲያይ እንደ ብዙዎቹ አልተጸየፈም፤ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ «አቦ እነዚህማ ጅቡቲን አልቻሉትም» አለና ሳቀ።

ቀዝቃዛው ወራት እስኪያልፍ ሁሉ ነገር ሠመረ። ከኅዳር እስከ የካቲት የጅቡቲ አየር ለሰውም ለትልም ይስማማል። ገረባውን እየከታተፍን፣ መጀመሪያ ለብቻው ቆልለን ግለቱ እስኪወጣለት እየጠበቅን እናበላቸዋለን። ተባዙ። እኔም ትሎቹን ሊያይ የመጣውን ሁሉ ማስተማር ለመድኩ። ስለ ዳርዊን እተርክ ነበር፤ ስለ ትሎች ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ እንደጻፈ፣ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1881፣ ሊሞት ስድስት ወር ገደማ ሲቀረው እንደወጣ፣ ትሎቹን በሸክላ አኑሮ ፒያኖ ሲመታላቸው ደንታ እንዳልሰጣቸው፣ ሸክላውን ፒያኖው ላይ ሲያስቀምጠው ግን ንዝረቱ ተሰምቷቸው ጉድጓዳቸው እንደገቡ። ልጁ ይህን ታሪክ ይወደው ነበር። መጽሐፉን አንብቤው አላውቅም፤ ከሌላ ሰው ጽሑፍ የቃረምኩት ነው።

ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ መጣ። ከዚያ ኻምሲን፣ ያ ከበረሃ የሚመጣ እሳት፣ መንፈስ ጀመረ። መፍትሔዬ ውሃ ነበር። እርጥብ ነገር ነፋስ ሲመታው ይቀዘቅዛል፣ ይህ እውነት ነው፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አጠጣ አልኩት። ውሃው እንዳይባክን ብዬ ደግሞ የበርሜሎቹን የሥር ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሳይቆይ ልጁ «ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ጨው ነው» አለኝ።

«የጅቡቲ ውሃ መቼ ጨው ሳይሆን ቀርቶ ያውቃል?»

«ቃሪያውም እኮ እየጠላው ነው።» የበርሜሉን ከንፈር በጣቱ ጠረገና አሳየኝ፤ ነጭ ዱቄት ነበረበት። ካልሲየም ነው፣ ለትል ጥሩ ነው አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በዚያች ደቂቃ ከእርሱ በላይ የማውቅ ሆኜ መታየት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

በሌላ ቀን ስመጣ ባልዲ ይዞ አገኘሁት። ከጎረቤቱ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ከኤሲዎቹ የሚንጠባጠበውን ውሃ ሲያጠራቅም አድሯል። «ይሄ ጣፋጭ ነው፣ ቅመሱት» አለኝ። እኔ ደግሞ የማሽን ላብ ለነፍስ ያለው ነገር አይሰጥም ብዬ ባልዲውን አስደፋሁት። ጅቡቲ ውስጥ ኤሲ የሌለበት ቢሮ የለም። ከአየር ላይ ተጠራቅሞ የሚወርደው ያ ውሃ ጨው የሚባል ነገር አያውቅም፤ በየቀኑ በየግድግዳው ሥር እየፈሰሰ አስፋልት ያርሳል። ልጁ በምላሱ ቀምሶ የደረሰበትን እኔ በደብተሬ አልደረስኩበትም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ብዙ አጠጣን። ውሃው ይተናል፣ ጨው አይተንም። እያንዳንዷ ባልዲ ትንሽ ጨው አምጥታ እዚያው ትታ ትሄዳለች። በደብረ ብርሃን ትርፉ ውሃ በሥር ይወጣል፣ የሳጥኑን ጨው ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ቀዳዳውን ወትፌዋለሁ። ባለሙያዎች በዚህ ትል መኝታ ውስጥ ያለው ጨው ከመቶ ግማሽ እጅ እንዳያልፍ ያስጠነቅቃሉ፤ ከዚያ ካለፈ የሚተነፍስበት ቆዳ ውሃውን መያዝ ያቅተዋል። ብናጠጣ በጨው፣ ባናጠጣ በሙቀት የሚሞቱበት ወጥመድ ነበር፤ ከወጥመዱ መውጫዋ ደግሞ የደፋኋት ባልዲ ነበረች።

ወደብ ላይ መርከብ በተደራረበበት ሰሞን ነው ስልክ የተደወለልኝ። ስደርስ ትሎቹ በሌሊት ሊሸሹ ሞክረው በበርሜሉ ጠርዝ ላይ ደርቀው ተጣብቀዋል። ውስጥ የቀሩት የበሰበሱበት ሽታ ከሩቅ ይቀበላል። ነጩን ቅርፊት በጣቴ ነካሁና ቀመስኩ። ጨው ነው። በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አውቄዋለሁ፤ በኋላ ገባኝ ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም።

እትዬ መጡ። «ምን ነካቸው?»

«ውሃ በዝቶባቸው ነው» አልኩ። ማን እንዳበዛው አልተናገርኩም። ዓይኔን ግን ወደ ልጁ ላክሁት።

እትዬ የሚፈልጉት ያንኑ ነበር፤ ገንዘባቸው ጠፍቷል፣ የሚቆጡት ሰው ያስፈልጋቸዋል። «አንተን አምኜ!» ብለው ጀመሩ። ልጁ ዝም ብሎ ሰማቸውና ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ንገሯቸው እንጂ» አለ። እኔ ስልኬን አየሁ። የተደወለ ነገር አልነበረም። በዚያው ዕለት ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ።

ውሸቱ እዚያ ቢያቆም አንድ ነገር ነው። ቡና ላይ ሰዎች ስለ ትሎቹ ሲጠይቁኝ ታሪኩን እያሳመርኩ ሄድኩ። ልጁ እንቅልፋም ሆነ፣ ቧንቧ ከፍቶ ረስቶ ሄደ። የሚቃወመኝ ሰው አልነበረም። ወረቀት የሌለው ሰው የት ሄዶ ይከራከራል? በእኔ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ሦስት መሥሪያ ቤት አንኳኳ ነበር።

ቆይቶ የዳርዊንን መጽሐፍ አግኝቼ አነበብኩት፣ ዘግይቶም ቢሆን። ትሎች ከባሕር ማዶ ወዳሉ ደሴቶች እንዴት እንደደረሱ ሲያስብ፣ የጨው ውሃ በቀላሉ ይገድላቸዋልና እንቆቅልሽ ነው ይላል። ለልጁ እየደጋገምኩ በስሙ የማልሁበት ሰው ከ140 ዓመት በፊት ከልጁ ጋር ተስማምቶ ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ እትዬ ምግብ ቤት ሄድኩ፤ ምሳ ሰዓት ነበር፣ ሰው ሞልቷል፣ እዚያው ነገርኳቸው። ሳህን ከእጃቸው ሳያወርዱ ሰሙኝ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእርሱ ንገረው» አሉ። ከዚያ ወዲህ እንጀራ ሲያቀርቡልኝ እንደ ዱሮው «ብላ» አይሉኝም።

ትል ደግመን አላስገባንም፣ እትዬ እምቢ አሉ፤ ልክ ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው ሌላው የትል ዓይነት ሙቀት ይችላል ይባላል፤ የሚስማማው ግን እስከ 30 ዲግሪ ነው፣ ኻምሲንን አይችልም። በጅቡቲ ትል የሚረባ ከሆነ በቀዝቃዛው ወራት፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ ጨው በሌለው ውሃ ነው። አሁን ገረባውንና ልጣጩን በጉድጓድ ቆልለን ተራ ብስባሽ እንሠራለን፤ ለዚህ ሙቀቱ ራሱ ያግዛል። ውሃውን ከኤሲዎቹ ሥር በጀሪካን እናጠራቅማለን። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው ግን አይጠይቅም።

የልጁን ስልክ ያገኘሁት በወንድሙ በኩል ነው፤ ድሬዳዋ ተመልሷል፣ ባጃጅ ይነዳል። ስሜን ስነግረው ዝም አለ። ያጠናሁትን ሁሉ አልኩት፦ ውሃው ጨው እንደነበር፣ ያኔውኑ እንዳወቅሁ፣ እንደዋሸሁበት። ይቅር አላለኝም፣ አልተሳደበምም። የመጨረሻው ወር ግማሽ ደመወዙ እንደቀረ ነገረኝና መጠኑን ጠራልኝ። እትዬ ረስተውታል፤ እኔ ላክሁለት። በሳምንቱ ደውዬ ጓሮው ሰው እንደሚፈልግ፣ ከፈለገ ቲኬቱን እንደምችል ነገርኩት። ከኋላው የባጃጁ ሞተር ይሰማል። «ጅቡቲ? አቦ ይቅርብኝ» አለ፣ ተሳፋሪ አለኝ ብሎም ዘጋው።