ባቴን ማን ፈወሰው?

ባት ሲሸማቀቅ ሐኪም የማይሆን ሰው የለም። ራሱን ያመመውን «እስቲ ትንሽ ተኛ» ብለው ይተዉታል፤ ጨጓራውን ያመመውን «ሐኪም ቤት ሂድ» ይሉታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባቱ ድንጋይ ሆኖ ተቋጥሮ «ኧረ እግሬን!» ብሎ ለጮኸ ግን ቤተሰቡ በሙሉ መድኃኒት ይዞ ይደርስለታል።

በእኛ ቤት ቀድማ የምትደርሰው አክስቴ ናት። ደረቅ ጨው በብረት ምጣድ እስኪንጣጣ ታምሳለች፤ በአሮጌ ነጠላ ጫፍ ትቋጥረዋለች፤ መጀመሪያ የራሷ ክንድ ላይ አድርጋ ትኩሳቱን ትለካና ባቴ ላይ ታሳርፋለች፣ ታነሳለች፣ ታሳርፋለች። «ብርድ ነው» ትላለች፤ «ስንቴ ልንገርህ፣ በባዶ እግርህ ስሚንቶ ላይ አትሂድ!» ጩኸቱን ሰምቶ በር ላይ የቆመው ዘበኛችን ደግሞ ከውጭ ሆኖ «ጋሼ፣ በባዶ እግርዎ ስሚንቶው ላይ ቆም ይበሉበት፤ ቅዝቃዜው ይስበዋል» ይላል። ያው ስሚንቶ ለአንዷ በሽታ፣ ለአንዱ መድኃኒት ነው። ሁለቱም ታዲያ ምስክር አያጡም፤ በጨውም ለቆኛል፣ በስሚንቶም ለቆኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የተሸማቀቀ ጡንቻ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይለቃል። (ቀኑን ሙሉ የማይለቅ፣ አንዱን ባት ብቻ ያሳበጠና የሚያተኩስ ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና አክስቴንም ዘበኛውንም አልፎ ቶሎ ሐኪም ቤት ነው።) ሲለቅ እጅህ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ መድኃኒት ይባላል። ሊነጋ ሲል የጮኸ አውራ ዶሮም ያነጋው እሱ ይመስለዋል። ይህ ከገባኝ ወዲህ የያንዳንዱን መድኃኒት የትውልድ ሐረግ መቁጠር ሥራዬ ሆኗል፤ ሌሊት ለነቃ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ ማሳለፊያም የለም።

ጨው ጥሩ ዘር አለው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር በጥልቅና ሞቃት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚሠሩ ሰዎች ልብሳቸው በላብ እስኪርስ ይቆፍራሉ፣ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣሉ፣ ከዚያ እግራቸውና ሆዳቸው ይሸማቀቃል። ጉዳዩን ያጠናው ኬ. ኔቪል ሞስ ጥፋቱ የውሃ ማነስ እንዳልሆነ አሳየ፤ ጨዉ በላብ ያለቀ ሰውነት ላይ ባዶ ውሃ መከለሱ ነው። ውሃው ላይ ትንሽ ጨው ሲጨመር ተሻላቸው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሁቨር ግድብ ሲሠራም ከሃርቫርድ የሄዱ ተመራማሪዎች የበረሃውን ሠራተኛ መርምረው እዚያው ደረሱ። በመመገቢያ አዳራሹ ውሃ በብዛት እንዲጠጡ የሚያዝ የሐኪም ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነበር፤ ምግባቸው ላይም ጨው እንዲያበዙ የሚል ተጨመረበት።

ለእነዚያ ሰዎች ጨው የምር መድኃኒት ነበር። ቀኑን ወንበር ላይ ውሎ፣ ማታ ሽሮውን ከነጨዉ በልቶ ለተኛ ሰው የከሰል ቆፋሪ መድኃኒት ምን ይሠራለታል? ለሯጭ እንኳ ነገሩ አልቀለለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማርቲን ሽዌልነስና ባልደረቦቹ የ56 ኪሎ ሜትር ሩጫ ከሮጡት መካከል የተሸማቀቀባቸውንና ያልተሸማቀቀባቸውን ሰዎች ደም ቢያወዳድሩ፣ ነገሩን የሚያስረዳ የጨው ልዩነት አላገኙም። ጥርጣሬያቸው የዛለ ጡንቻና ትእዛዙን ያበዛ ነርቭ ላይ ነው። አክስቴ በበኩሏ በዚህ ክርክር የለችበትም፤ እሷ ጨዉን የምትፈልገው ሙቀት እንዲይዝላት ብቻ ነው።

ሙዝንም «ፖታሲየም አለው» እያሉ ያበሉናል። አለው፤ ግን የአርባ ምንጭ ሙዝ ተልጦ፣ ታኝኮ፣ ከሆድ ወደ ደም እስኪደርስ ባቱ ለቆ ባለቤቱ ተኝቷል። ማግኒዚየምም በአረጋውያን ላይ ተሞክሮ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም። አሜሪካ ውስጥ አንሶላ ሥር ሳሙና አድርገው የሚተኙ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ዝም ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ኩዊኒን ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ከደቡብ አሜሪካው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ለይተው ያወጡት የወባ መድኃኒት ነው። በ1940 አሜሪካ ውስጥ የሌሊት የእግር መሸማቀቅን ያስታግሳል ተብሎ ተጻፈለትና ለአሠርት ዓመታት ተዋጠ። የሚያናድደው፣ ይኼኛው በመጠኑ ይሠራል። ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት ይፈጃል፣ የልብ ምት ያዛባል፤ ስለዚህ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1994 ለእግር መሸማቀቅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ከለከለ። ዛሬ «ቶኒክ ጠጣ» የሚሉን ከዚያ የተረፈ ወሬ ይዘው ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ሊትር ቶኒክ ከ83 ሚሊ ግራም በላይ ኩዊኒን አይኖረውም፤ ድሮ ይዋጥ የነበረው ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ነው። በቶኒክ እደርስበታለሁ ያለ ሰው ሌሊቱን የሚያስነሳው ባቱ አይሆንም።

ወደ ኮምጣጤ ስንመጣ ጨዋታው ይጣፍጣል። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2000 የፊላደልፊያ ኢግልስ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ቴክሳስ ድረስ ሄዶ በ43 ዲግሪ ሙቀት ዳላስን 41 ለ14 አሸነፈ። ተጫዋቾቹ ያልተሸማቀቁበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ ኪያር በኮምጣጤና በጨው ተዘፍዝፎ የሚቀመጥበትን ውሃ ጠጥተን ነው አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ጠጣ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ኬቪን ሚለር የሚባል ተመራማሪ የወጣቶችን የእግር አውራ ጣት በኤሌክትሪክ እያሸማቀቀ (ሰው ለሳይንስ የማይሆነው የለም) አንድ ጊዜ ውሃ፣ ሌላ ጊዜ ያንን ኮምጣጤ አጠጣቸው። ኮምጣጤ ሲጠጡ በአማካይ በ85 ሰከንድ ገደማ ለቀቃቸው፤ ውሃ ሲጠጡ ከ130 ሰከንድ በላይ ቆየባቸው። በዚያች ደቂቃ ከሆድ ወደ ደም የሚደርስ ጨው የለም። ሥራው የተሠራው ጉሮሮ ላይ ነው፤ መጎምዘዙ ነርቭን አስደንግጦ የጡንቻውን ትእዛዝ ያስቆማል የሚል ግምት ተያዘ።

ይህ ግምት አንድ የኖቤል ተሸላሚም አለበት። ሮድሪክ ማኪነን በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው በሕዋስ ግድግዳ ላይ ያሉ የአዮን በሮችን አሠራር በማሳየቱ ነው። እሱና የሃርቫርዱ ብሩስ ቢን ባሕር ላይ ጀልባ ሲቀዝፉ ክንዳቸው ተሸማቀቀባቸውና፣ የአፍና የጉሮሮን ነርቭ የሚያቃጥል ነገር ፍለጋ ገቡ። በ2016 ገበያ ላይ የዋለው መጠጥ ውስጥ ያለው ዝንጅብል፣ ቀረፋና የሚያቃጥል በርበሬ ነው። ለአክስቴ ስነግራት ምጣዷን አስቀምጣ አየችኝ። «ሻይ ነው እንዴ የሸለሙት?» አለች። ሽልማቱ ከሻዩ በፊት እንደሆነ ማስረዳቱን ሞክሬ ተውኩት።

በዚህ ሁሉ መካከል ማንም የማያመሰግነው አንድ መድኃኒት አለ። ኳስ ሜዳ ገብታችሁ 80ኛው ደቂቃ ላይ ተመልከቱ። ተጫዋቹ ባቱን ይዞ ይወድቃል፤ ቡድኑ እየመራ ከሆነ ተመልካቹ «ሰዓት ሊገድል ነው!» ብሎ ይጮኻል። ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሮጣል፣ በቀኝ እጁ ስፕሬይ ይነፋል፣ በግራ እጁ ደግሞ የልጁን ጣቶች ወደ ቅልጥሙ ይገፋል። ልጁ ይነሳል፤ ስፕሬዩ ይመሰገናል። የሠራችው ግን ግራ እጁ ናት። ባት ሲሳብ ጅማቱ ላይ ያሉ ነርቮች ለሕብለ ሰረሰር «ይልቀቅ» ብለው መልእክት ይልካሉ። የዘበኛችን ስሚንቶም ቢሆን ሙያው ቅዝቃዜው አይደለም፤ ተረከዝ መሬት ሲነካ ባት መሳቡ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥም ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ 80 ሰዎች ተጠንተው፣ ለስድስት ሳምንት ከመተኛታቸው በፊት እግራቸውን እየሳቡ የተኙት መሸማቀቁ ቀንሶላቸዋል።

አክስቴ ግን ልቧ ያረፈው የሚያቃጥለው ላይ ነው። ለቁርጥ የምትበጠብጠውን ሰናፍጭ፣ ያንን አፍንጫ ድረስ ወጥቶ እንባ የሚያስመጣውን፣ በቡና ሲኒ አድርጋ፣ በማስቀመጫው ከድና ራስጌዬ ላይ አኑራልኛለች። እኔ ደግሞ ማድቤት ይመለስ ባይ ነኝ። ማድቤት ሲሆን ከአልጋ መውረድ፣ ተረከዝ መሬት ማስነካት፣ ኮሪደሩን እያነከሱ ማለፍ፣ ማብሪያውን መዳበስ፣ ቁም ሳጥን መክፈት አለ፤ ክዳኑን ሳነሳ ባቴ ለቆ ይገኛል። ራስጌ ያለው ሰናፍጭ ተኝቼ የምልሰው ስለሆነ እንዳይሠራ እፈራለሁ።