ኮርስ ይሻላል ወይስ ማውንቴን?

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው እንደ አቅሙ ነው። በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ እኩዮቻችን ሥራ በያዙ ማግስት፥ ከሁለት ባለ ሁለት በር ፈጣን አውቶሞቢሎች የትኛውን ለዘወትር እንግዛ እያሉ እንቅልፍ ያጣሉ። በ2004 ዓ.ም. ገበያ የወጡት መንትያዎቹ ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢ.አር.ዜድ. ስንቱን ወጣት በክርክር አስመሽተዋል! የኋላ መቀመጫቸው ከቦርሳ በቀር ሰው እንደ ልብ አያስቀምጥም፤ ነገር ግን ማን ስለ ኋላ መቀመጫ ያስባል? እኛም በዚህ ዓመት እንዲህ ያለው ጭንቀት ደርሶብን ነበር። የኛዎቹ ግን በር የላቸውም፤ ቤንዚንም አይጠጡም። ብስክሌቶች ናቸው።

የምንማረው ሥነ ጽሑፍ ነው፤ የምንኖረውም በፔዳ ግቢ፥ በአንድ ዶርም፥ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይና ታች ነው። ከሁለታችን አንዱ ረጅም፥ አንዱ አጭር ነው። ይህን የጻፈው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ አይጠይቀን፤ በጉዳዩ ተጣልተን ስለ ታረቅን አሁን የምንናገረው በአንድ አፍ ነው። ኪሳችንን የምንደጉመው ልጆች በማስጠናት ነው። አንደኛው ቤት በሐይቁ ዳር ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ፥ ሌላው ከዓባይ ማዶ ነው። ባጃጅ የተሳፈርን እንደ ሆነ ደመወዛችንን ኪራዩ ይበላዋል፤ በእግር የሄድን እንደ ሆነ ደግሞ ሰዓታችንን መንገዱ ይበላዋል። ሦስተኛ ቤትም ነበረን። ባለፈው ኅዳር ግን የቤቱ እመቤት «ልጄ እናንተን ሲጠብቅ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እናንተም ደከማችሁ፥ እኛም ደከመን» ብለው በትሕትና አሰናበቱን።

ከዚያ ወዲያ ብስክሌት ለመግዛት ቆረጥን። ከኅዳር እስከ ግንቦት ሻይ ቤት ሳንገባ 15,000 ብር አጠራቀምን። ለሁለት ብስክሌት ስለማይበቃ አንዱን ለሁለት ልንነዳው ተዋዋልን፤ ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ ለአንዱ፥ ማክሰኞ፥ ሐሙስና ቅዳሜ ለሌላው።

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትበል እንጂ የተቀመጠችው በጣና ዳር ሜዳ ላይ ነው። ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶችዋ ላይ ሽማግሌው፥ ተማሪው፥ ዳቦ ሻጩም ሲነዳ ይታያል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንኳ ለብስክሌት የራሱን መንገድ ለይቶለታል። ነገር ግን ከአስፋልቱ አንድ እርምጃ ወጣ ሲሉ ኮብልስቶን ነው፤ ከኮብልስቶኑ ወጣ ሲሉ አፈር ነው፤ አፈሩም በክረምት ጭቃ ነው። ከተማችን እንግዲህ ሁለት ናት፤ የእኛም ጠብ የመጣው ከሁለቱ ነው።

የመጀመሪያው ብስክሌት ኮርስ ነበር። ባለቤቱ በወጣትነታቸው ይወዳደሩ የነበሩ አንድ ጋሼ ናቸው፤ 14,000 ብር አሉን። የተማሪነት መታወቂያችንን አስይዘን ለአንድ ቀን እንድንሞክረው ፈቀዱልን። አንባቢያችን ኮርስን ሳያውቀው አይቀርም፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ፥ ጎማው ከአውራ ጣት ብዙም የማይሰፋ፥ በአንድ እጅ ብድግ የሚል ነው። ረጅሙ ጓደኛ ገና ፔዳሉን ሲረግጠው ሄደ! በአዲሱ ድልድይ ላይ ንፋሱ ጆሮውን ሲያፏጭበት፥ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባችበት በሜልቦርን የተወዳደረው ገረመው ደንቦባ ትዝ አለው። በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የጀመረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም ትዝ አለው። ሁለት ባጃጆች አልፎ፥ የድንች ከረጢት በጫነ ሦስተኛ ባጃጅ ተቀድሞ ተመለሰ። በፔዳ በር ላይ የቆሙ ልጃገረዶች ዘወር ብለው አዩት። ማየታቸውን እኛው ነን የምንመሰክረው፤ እነሱን አልጠየቅናቸውም።

ወደ ከሰዓት በኋላ አጭሩ ተራውን ወሰደ። ኮርቻው እስከ መጨረሻ ዝቅ ቢልለትም እግሩ ፔዳሉን የሚደርሰው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ሆነ፤ ብስክሌቱ በረጅም ሰው ልክ የተሠራ ነውና። ኮብልስቶኑ ላይ ሲገባ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ፤ ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ወደ ጎሚስታ ገፍቶ ወሰደው። ጎሚስታው ካላማደሪያውን በሚገባ ለጠፈለት፤ ለመንፋት ሲመጣ ግን የኮርስ ቫልቭ ቀጭን ስለ ሆነ መንፊያው አልገጥም አለ። ለቀጭኑ ቫልቭ የሚሆን ማያያዣ እስኪገኝ ሦስት ጎሚስታዎች ዘንድ ዞረ። ቀጭን ጎማ ከሰፊው እጥፍ የሚበልጥ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ባነሰው ቁጥር ደግሞ ቸርኬው ከድንጋዩ ጋር እየተጋጨ ካላማደሪያውን ይበሳዋል። አጭሩ ሲመለስ ፀሐይ ገብታ ነበር፤ ያን ቀን ማንንም አላስጠናም።

ሁለተኛው ማውንቴን ነበር። ባለቤቱ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሲሆኑ 12,500 ብር ጠየቁን። ይህኛው ውበት የለውም። ከባድ ነው፤ ከደረጃ ላይ ስናወርደው ጥጃ የተሸከምን መሰለን። ሰፊው ጥርሳም ጎማ አስፋልት ላይ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። የፊቱ ስፕሪንግ ደግሞ ዳገት ላይ በተነሡ ቁጥር ወደ ታች እየሰመጠ የእግርን ጉልበት ይበላል፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስንወጣ ይህን በላባችን አወቅነው። ነገር ግን 21 ማርሽ ስላለው በዝግታም ቢሆን ወጣን፤ ከላይ ሆነን ዓባይን አየን፤ ስንመለስም ኮብልስቶኑን ሳናስበው አለፍነው። ኮርቻው ለአጭሩ ዝቅ፥ ለረጅሙ ከፍ አለ። ፍሬኑም ቸርኬውን ከዳር የሚጨብጥ ሳይሆን መሐሉ ላይ ያለውን ዲስክ የሚጨብጥ ነው። የዚህን ጥቅም ያን ጊዜ አላስተዋልነውም።

ጠቡ የተነሣው በዚያ ሌሊት ነው። ረጅሙ «ዕድሜያችን 21 ነው፤ በዚህ ዕድሜ እንደ ዘበኛ ልንነዳ ነውን?» አለ። አጭሩ «አንተ የምትገዛው ብስክሌት አይደለም፤ ዘወር ብለው የሚያዩህን ሰዎች ነው» ሲል መለሰ። ረጅሙም «አንተም የምትጠላው ኮርሱን አይደለም፤ እግርህ አለመድረሱን ነው» አለው። ሁለቱም ነገር እውነት ነበረበት፤ ስለዚህ ሁለቱም አቆሰለ። ሦስት ቀን ከላይኛው አልጋ ወደ ታችኛው «እንደ ምን አደርህ» የሚል ድምፅ አልወረደም። ማስታወሻ እንኳ ለመዋዋስ ጎረቤት ዶርም ሄድን። 15,000ውን ብር ለሁለት እንካፈለው እስከ መባል ደርሰን ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ረጅሙ ኮርሱን ለአንድ ቀን ደግሞ ለመነ። ከዓባይ ማዶ የምናስጠናው ልጅ በማግስቱ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ይፈተናል። የልጁን ደብተሮች ልናርም ወስደናቸው ነበር። ኮርሱ የኋላ መጫኛም ጭቃ መከላከያም ስለሌለው ረጅሙ ደብተሮቹን በፌስታል ጠቅልሎ መሪው ላይ አንጠለጠላቸው። ድልድዩን ገና እንደ ተሻገረ ዝናቡ ወረደ፤ የባሕር ዳርን የሰኔ ዝናብ ለባሕር ዳር ተማሪ አንተርክም። ከመንደሩ መግቢያ ቁልቁል ሲል ጥላ የያዙ አንዲት አሮጊት መንገድ ሊሻገሩ ወጡ። ረጅሙ ፍሬን ያዘ፤ ፍሬኑም የረጠበ ቸርኬ ስለ ጨበጠ መጀመሪያ ውሃውን ጠረገ እንጂ አላቆመም። አሮጊቷን ላለመግጨት መሪውን ጠምዝዞ ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ። አሮጊቷ ጥላቸውን ጥለው መጡና «ልጄ፥ ተረፍህልኝ?» እያሉ ክንዱን ይዘው አነሡት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ደብተሮቹ ከውሃው ውስጥ ሲወጡ ቀለማቸው ፈሷል። ያን ማታ ረጅሙ የልጁን አባት ጃኬት ለብሶ፥ የሦስት ወሩን ትምህርት በቃሉ እያስታወሰ አስጠና።

ዶርም ሲገባ ስለ ክርኑ ሳይሆን ስለ አሮጊቷ ነበር የሚናገረው። «አንድ ክንድ ሲቀረኝ ነው» አለ። አጭሩም ቃል ሳይመልስ ፎጣ አወረደለት። እርቁ ይኸው ነው፤ ሽማግሌ አልተላከበትም።

በማግስቱ ለተጣመመው መሪ ልንከፍል ተዘጋጅተን ኮርሱን ይዘን ሄድን። ጋሼ በቁልፍ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው መሪውን አቀኑና ገንዘባችንን እንቢ አሉ።

«ይኼ እኮ የእሑድ ነው» አሉን። «እኔስ ብሆን ገበያ የምወርደው በዚያኛው አይደል?» ሲሉ ወደ ግድግዳው አመለከቱ። ቅርጫት የታሰረበት አሮጌ ጥቁር የብረት ብስክሌት ተደግፎ ቆሟል።

«ታዲያ ጋሼ፥ ቀድሞ ለምን አልነገሩንም?»

«መቼ ጠየቃችሁኝ? የጠየቃችሁኝ ስንት ይሮጣል ብላችሁ ነው።»

ማውንቴኑን በ12,000 ብር ገዛነው። በተረፈው 3,000 ብር ጥርሳሙን ጎማ አውጥተን ለስላሳ ጎማ አስገባንበት፤ ማጉረምረሙም ተወ፥ ፍጥነትም ጨመረ። የኋላ መጫኛ፥ ጭቃ መከላከያ፥ መብራትና ጠንካራ ቁልፍም አደረግንለት። ከፔዳ እስከ ማዶው ቤት ኮርሱ ከሚፈጀው ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ይበልጣል፤ ነገር ግን በየቀኑ ያው ነው፤ ቢዘንብም ባይዘንብም። ለሚጠብቅ ልጅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ለመግዛት ለሚያስብ ጓደኛ የምንመክረው ጥቂት ነው። ኮርስ መጥፎ ብስክሌት አይደለም፤ በአስፋልት ላይ፥ በፀሐይ፥ ባዶ እጅህን ስትሆን ከእሱ የሚወዳደር የለም። ያን የመሰለ ቀን ግን በሳምንት ስንት ጊዜ ይመጣል? እኛ ሁለቱን የመዘንናቸው በደግ ቀናቸው ነበርና ተሳሳትን። የዘወትር ነገር የሚመዘነው በክፉ ቀኑ ነው፤ በዝናብ፥ በጭነት፥ ጎማው በፈነዳበት ሰፈር፥ ሰው ድንገት በተሻገረበት ቁልቁለት። በዚያ ቀን የማያሳፍርህን ግዛ። ብድርም ሆነ ሽርክና ካለብህ ደግሞ የባልንጀራህን እግር ለካ።

ረጅሙ እሑድ እሑድ ጋሼ ዘንድ እየሄደ የኮርሱን ካቴና በዘይት ያሽላቸዋል፤ እሳቸውም እስከ ድልድዩ ደርሶ እንዲመለስ ይፈቅዱለታል። አጭሩ ይህን ያውቃል፤ አይናገርም። ብስክሌቱ እስካሁን አልተሸጠም። ልግዛው የሚል ተማሪ ካለ ቤቱን እናሳየዋለን፤ ብቻ ሊሞክረው ሲመጣ በዝናብ ቀን ይምጣ።