ፈቃደኛ ማን ነው? የጅግጅጋ ማስታወሻ

ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዛሬ «ዊሊንግ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፌ «ፈቃደኛ ማለት ነው» አልኳቸው። ወደ ምሳሌው ልሻገር ስል ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«መዓሊን፣ ፈቃድ ያለው ሰው ማለት ነው?» አለችኝ፤ መዓሊን በሶማሊኛ መምህር ነው።

ደህና ጥያቄ ነው። ይህች ልጅ አማርኛን የለመደችው ከቢሮ ደጃፍ ነው። እዚያ ፈቃድ ሲባል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው፤ የንግድ ፈቃድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ። ሰጪ አለው፣ ነሺም አለው። «ዊሊንግ» ግን ከማንም ደጅ ተጠንቶ የሚገኝ አይደለም፤ ከራስ ልብ ነው የሚወጣው። በሶማሊኛ «ራሊ» ስላቸው ክፍሉ በሙሉ ገባው። ራሊ የሆነ ሰው ቅር ሳይለው፣ ልቡ አምኖበት የተቀበለ ነው።

የእንግሊዝኛው ፊደል አያስቸግራቸውም። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ሞቃዲሾ ላይ ይህ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። የሶማሌ ክልል ልጆችም አንደኛ ደረጃን የሚማሩት በሶማሊኛ ነው። አልፎ አልፎ «ኤክስ»ን እንደ «ሐ»፣ «ሲ»ን እንደ «ዐ» ያነቧቸዋል እንጂ ከፊደሉ ጋር የሚተዋወቁት ገና በልጅነታቸው ነው።

ጥቅምት 22

የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በስልካቸው ፎቶ እያነሱ እንዲያመጡ ነግሬያቸው ነበር፤ ብዙ መጣ። ጅግጅጋ የእርዳታ ድርጅቶች መቀመጫ ናት። አቅራቢያዋ ያለችው ቀብሪ በያህ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶማሊያ የሸሹ ስደተኞች ይኖሩባታል፤ የሸደርና የአውበሬ መጠለያዎችም ኋላ ተከፈቱ። ስለዚህ ማስታወቂያው ሁሉ መጨረሻው አካባቢ አንድ ዓይነት መስመር አለው፦ ከከተማ ርቆ ለመሥራት «ዊሊንግ» የሆነ፣ በትርፍ ሰዓት ለመሥራት «ዊሊንግ» የሆነ።

ልጆቹ የሚሳሳቱት ሰዋስው ላይ ነው ብዬ «ቱ»ን፣ ከእሷም ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ ደጋግመን ጻፍን። «አይ አም ዊል» የሚለውም ተቃና። ከዚያ የበለጠ ጊዜ የወሰደብን ግን ፈቃደኝነትን ከፍላጎት መለየት ነበር። ዘመድ ከገጠር መጥቶ ቤት ሲያርፍ አልጋውን የሚለቅለት ልጅ አለ። መሬት ላይ መተኛት አይፈልግም፤ ማንም ግን አላስገደደውም። ይህ ልጅ «ዊሊንግ» ነው። ከሌሎች ቃላትም ለየነው፤ «ሬዲ» የሆነ ሰው ዝግጅቱን የጨረሰ ነው፤ «ኤብል» አቅሙ ያለው ነው። አቅምም ዝግጅትም ኖሮት ልቡ እምቢ ያለ ሰው ሞልቷል።

አንዱ ታዲያ «ማስታወቂያው ላይ ያለው እኮ እንደሱ አይደለም፤ ካልሄድክ አትቀጠርም ነው የሚለው» አለ። አማርኛችን ለዚህ ስም አለው፤ የውዴታ ግዴታ።

ጥቅምት 26

የከብት ገበያ ሄጄ ነበር። ደላላው ሻርፑን በሻጩና በገዢው እጅ ላይ ጣል አድርጎታል። ዋጋው የሚነገረው ከሥሩ፣ በጣት ነው፤ አንዱ የሌላውን ጣት ይዞ ይጫናል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። በዙሪያው የቆመው ሰው የሚያየው የጨርቁን መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ዓይናቸውን ግመላቸው ላይ ተክለው፣ ሌላ ወሬ የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ድንገት እጃቸውን ሳብ አደረጉ። ደላላው «አደር፣ አደር» (አጎቴ፣ አጎቴ) እያለ ለመናቸው፤ መልሰው ዘረጉ። አሁንም ሳቡ። ሦስተኛ አልዘረጉም፤ ግመላቸውን ይዘው ሄዱ።

ማንም አልተቆጣም። ደላላው ሻርፑን ትከሻው ላይ መልሶ ሌላ ሻጭ ፈለገ። ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም፤ እጁን ሳይፈራ መሳብ የሚችል ሰው ሲዘረጋ ነው ፈቃደኛ የሚባለው።

ኅዳር 1

«ጎድ ዊሊንግ» ማለት ኢንሻላህ መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው። በቀን ስንቴ የሚሉት ነገር ነው። «ዊሊ ኒሊ» የሚለውንም ጨመርኩላቸው፤ ቢወድም ቢጠላም፣ በውድም በግድም እንደምንለው ያለ የቆየ አነጋገር ነው።

ያቺ የመጀመሪያ ቀን የጠየቀችኝ ልጅ ሕገ መንግሥቱን ይዛ መጣች። አንቀጽ 34 ላይ ጣቷን አሳርፋ አሳየችኝ። ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው ይላል። «ይኼኛው ፈቃድ ራሊ ነው አይደል?» አለችኝ። ነው። ይህን ራሷ ፈልጋ በማግኘቷ የተሰማኝን ደስታ ፊት ለፊት ነገርኳት።

ኅዳር 5

የቃለ መጠይቅ ልምምድ ያዝን። ጠያቂ እኔ ነኝ። አንዱን ወጣት «ቶጎ ውጫሌ ሄደህ ለመሥራት ዊሊንግ ነህ?» ስለው ጥያቄው ሳያልቅ «ዬስ» አለ። እናቱን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው እሱ ብቻ እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። «ታዲያ እንዴት ዬስ አልክ?» አልኩት።

«ኖ ካልኩ ስሜ ይሰረዛላ።»

መልሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲሰጥ አለማመድኩት፦ ለመሄድ ፈቃደኛ ነኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ ግን ጅግጅጋ መመለስ ይኖርብኛል። በእንግሊዝኛው ጥሩ አድርጎ አለው። ድምፁም የተረጋጋ ነበር። እውነተኛ ጠያቂ ፊት ሲቀርብ ይህን ለማለት ይደፍር እንደሆነ የሚወሰነው ግን በእሱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ፣ ማስታወቂያ የምትጽፉ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሩቅ ቦታ መሄድ የሥራው ግዴታ ከሆነ ግዴታ ነው ብላችሁ ጻፉ፤ የቦታውን ስም፣ አበሉን፣ ማደሪያውን፣ የእረፍቱን ቀን አብራችሁ አስታውቁ። ልጆቹ ከቤተሰባቸው ጋር መክረው ይወስናሉ። «ፈቃደኛ የሆነ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን «አይደለሁም» ያለውንም አመልካች ስሙን ሳትሰርዙ ለቃለ መጠይቅ ጥሩት።