ፊልም በቡና ሲታጠብ

ፊልም በቡና ይታጠባል ብዬ ያሳመንኩት ሰው ወልድያ ውስጥ እስካሁን የለም። እናቴማ ነገሩን በጀበናዋ ላይ እንደተቃጣ ንቀት ነው የቆጠረችው። «ለሰው ያልተረፈ ቡና ለላስቲክ?» አለችኝ። ላስቲክ የምትለው ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣልኝን ባለ 36 ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው።

ግን ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካው የሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ስኮት ዊልያምስ የሚባሉ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ሞክረው አሳይተዋል። ሮቸስተር የፊልም አምራቹ የኮዳክ ከተማ ናት፤ እዚያ ተቀምጦ ፊልም በቡና ማጠብ ጠጅ ቤት ደጃፍ ላይ ጠላ መጥመቅ ነው። ውህዱ ካፌኖል ይባላል። ኋላ ላይ ቫይታሚን ሲ ተጨመረበትና በየአገሩ ያሉ አማተሮች ዘንድ የታወቀው ልክ ይህ ሆነ፦ ለአንድ ሊትር ውኃ 54 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና፤ 20 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ። ሽታውን ዕጣንም አያድነው።

እኔን ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር የሚለውጠው ካፌይኑ አይደለም፤ ካፌይክ አሲድና ዘመዶቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ በብዛት የሚገኙት ጠጪ በሚንቀው በሮቡስታ ውስጥ ነው። የኛ አገር የአረቢካ መነሻ ናት፤ ዓለም በጣዕሙ የሚምልበት ቡናችን ፊልም ላይ ሲደርስ ከሮቡስታ ያንሳል። እናቴ እንደምትቆላው እስኪጠቁር ከተቆላማ የቀረውንም አሲድ እሳቱ ይበላዋል። ይህን ሳስረዳት ደስ አላት። «ታዲያ የኛ ለሰው ነው አላልኩህም?»

የቀረው ሥራ እንኳ ያን ያህል አያስቸግርም። ፊልሙን ከቆርቆሮው አውጥቶ ታንኩ ውስጥ በሚገባው ጥቅልል ላይ ለመጠምጠም ድፍን ጨለማ ያስፈልጋል፤ ቀይ አምፖልም አይፈቀድም። በሩን ዘግቼ፣ ጋቢ ደርቤ፣ የፊልሙን ዳር ቀዳዳዎች በጣቴ እየዳሰስኩ አስገባዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር በልቤ የማመሰግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ፈተናው ሙቀት ነው። ወልድያ ደጋ ቢጤ ስለሆነች ውኃው ልኩን አይርቅም። መርሳ ያለው ጓደኛዬ ግን ቆላውን አልቻለውም፤ ውኃው ሲሞቅ ፊልሙ ቶሎ ይጠቁራል። መላው እንስራ ሆነ። እንስራው ላብ ሲያልበው ውስጡ ያለው ውኃ ይቀዘቅዛል፤ ቴርሞሜትሩን በክር አስሮ አፉ ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቃል። ማጽኛውን፣ ማለትም ሃይፖውን፣ ግን ከጓዳ የሚተካልን አላገኘንም።

የዚህን ሙያ ዘር በኛ አካባቢ ስቆጥር የምደርሰው ጦር ሠፈር ላይ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶ አንሺዎችን ከነዕቃቸው ይዞ ነበር። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ በፎቶ ማባዛት ነበር፤ አገሩንና ሰውንም ግን አነሡ። በዚያ ዘመን የሚሠራበት የመስታወት ፕሌት ገና እርጥብ ሳለ መታጠብ ስለነበረበት ፎቶ አንሺ ጨለማ ክፍሉን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ወሎ ያየችው የመጀመሪያው ፎቶ ማጠቢያ ድንኳን ሳይሆን አይቀርም።

ቀጣዩ ታሪክ ይመራል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ ከሥልጣን በወረዱበት ሰሞን እስላም ሆነዋል ለማሰኘት ጥምጥም አስጠምጥሞ የሚያሳያቸው የተቀነባበረ ፎቶ መሰራጨቱ በታሪክ ይወሳል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ወረዱ፤ በወሩ አባታቸው ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ፎቶ ብቻውን ዙፋን አይገለብጥም፤ የገለበጡት መኳንንቱ ናቸው። ሆኖም መቀስና ሙጫ የያዘ አንድ ሰው የሠራውን ሁሉም አይቶ ሲፈርድ «እስቲ ነጌቲቩን አምጡ» ያለ ሰው ነበር ሲባል አልሰማሁም።

እኛም ብንሆን ነጌቲቭ የመጠየቅ ልማድ አልነበረንም። ፎቶ ቤት ሄደን፣ የተሳለ መጋረጃ ፊት ቀጥ ብለን ቆመን፣ የታተመውን ይዘን እንመለስ ነበር፤ ነጌቲቩ «ሲፈልጉ ይምጡ፣ እናባዛለን» ተብሎ እዚያው ይቀር ነበር። ፊልም በቤቴ ማጠብ የጀመርኩት በርካሽነቱ አይደለም፤ እንዲያውም ውድ ነው። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ተንጠልጥሎ የሚደርቀው ነጌቲቭ የኔው ስለሆነ ነው።

ፎቶ ቤቶቹ ወደ ዲጂታል ከዞሩ ቆይተዋል፤ የድሮው ነጌቲቭ ካርቶን ውስጥ ሆኖ የሚጥለውን ሰው እየጠበቀ ነው። ወልድያ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁ የተነሡበት ፎቶ ቤት ዛሬም ክፍት ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። ካገኛችሁት ዳር ዳሩን ብቻ ያዙት፤ እርጥበት የሌለበት ቦታ አስቀምጡት። ያልታጠበ ፊልም የቀረበት አሮጌ ካሜራ ካጋጠማችሁ ደግሞ ጀርባውን ብርሃን ላይ አትክፈቱት፤ ፊልሙ ይቃጠላል።